ስልኩን ከማጽዳታችሁ በፊት፦ የመብት ተሟጋቾችን ስልክ ለስለላ ሶፍትዌር መፈተሽ

አንድ የሰብአዊ መብት ተሟጋች «ስልኬን የጠለፉት ይመስለኛል» ሲሉ፣ በአጠገባቸው ያለ ሰው ቀድሞ የሚነግራቸው «ቶሎ ፎርማት አድርጉት» የሚለውን ነው። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው። ስልኩ ፎርማት ሲደረግ የስለላ ሶፍትዌሩ ሊወጣ ይችላል፤ መቼ እንደገባ፣ በየት በኩል እንደገባና ከማን እንደመጣ የሚናገረው አሻራ ግን አብሮት ይጠፋል። ያው ሰላይ በማግስቱ በዚያው በር ተመልሶ ቢገባ የሚያውቅ የለም። በተመሳሳይ መንገድ የሚታደኑ ሌሎች ተሟጋቾችም ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው ይቀራሉ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማስረጃውን ማዳን፣ ቀጥሎ መፈተሽ፣ ከዚያ በሌላ ባለሙያ ማስመርመር፣ ማጽዳት በመጨረሻ። ከታች ያለው የተጻፈው ቤተ ሙከራ ለሌላቸው፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት የሚተማመኑ ሰዎች ላሏቸው ትንንሽ ቡድኖች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስልኩ በሌለበት ተነጋገሩ

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ስልኩ ከመነካቱ በፊት ነው። ተሟጋቹ በተጠረጠረው ስልክ ይደውሉና «ስልኬን ልታዩልኝ ነው» ይላሉ፤ ወይም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስለ ምርመራው ያወራሉ። እንደ ፔጋሰስ ያሉ፣ ለመንግሥታት የሚሸጡ የስለላ ሶፍትዌሮች ማይክሮፎን መክፈት፣ መልእክት ማንበብና በትእዛዝ ራሳቸውን ማጥፋት ይችላሉ። ስለዚህ ቀጠሮው በሌላ ሰው ስልክ ወይም በአካል ይያዝ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ብዙዎቹ የዛሬ የስለላ ሶፍትዌሮች በስልኩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ስለሚኖሩ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ይወጣሉ፣ ከእነሱም ጋር የተወሰነ አሻራ ይሄዳል።

በዚህ ውይይት ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን አይተው ነው የተጠራጠሩት? በዚያ ሰሞን ምን እየሠሩ ነበር? ስልኩ ከእጃቸው ወጥቶ ያውቃል ወይ፦ በፍተሻ፣ በእስር፣ በጥገና ወይም በሌላ ምክንያት? የባትሪ ቶሎ ማለቅና የስልክ መሞቅ ብዙ ጊዜ የሚነሱ ምልክቶች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን ምንም አያረጋግጡም። ያረጀ ባትሪም ይሞቃል። ከዚህ ይበልጥ ክብደት ያለው ከኩባንያ የመጣ ማስጠንቀቂያ፣ ስማቸውንና ሥራቸውን የሚያውቅ እንግዳ መልእክት፣ ወይም በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር በሌላ ሰው አፍ መሰማቱ ነው።

ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። የአንድ ተሟጋች ስልክ የምስክሮችን፣ የተጎጂዎችንና የቤተሰብን ሕይወት ይዟል፤ እነሱ ደግሞ ፈቃድ አልተጠየቁም። በወረቀቱ ላይ ምን እንደምትቀዱ፣ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ፣ ለውጭ ቤተ ሙከራ መላክ ይፈቀድ እንደሆነ ለየብቻው አስፍሩ። ተሟጋቹ በማንኛውም ሰዓት «ይቅርብኝ» ማለት እንደሚችሉ ንገሯቸው፤ ካሉም በእርግጥ ይቅር።

አጠራጣሪ ሊንክ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 የኤምሬትሱ የመብት ተሟጋች አሕመድ መንሱር በአገራቸው እስር ቤቶች ስለሚደረግ ስቃይ «አዲስ ምስጢር» እንደሚነግራቸው ቃል የሚገባ አጭር መልእክት ከነሊንኩ ደረሳቸው። አልነኩትም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው፣ የስለላ ሶፍትዌርን ለሚመረምረው ሲቲዝን ላብ ላኩት። ተመራማሪዎቹ ሉክአውት ከተባለው የስልክ ደኅንነት ኩባንያ ባለሙያዎች ጋር ሊንኩን በራሳቸው የሙከራ ስልክ ላይ ሲከፍቱ አይፎንን በአንድ ንክኪ የሚይዙ ሦስት ያልታወቁ ክፍተቶች አገኙ፤ ከበስተኋላው ያለው ፔጋሰስ ነበር። አፕል በዚያው ወር አይኦኤስ 9.3.5ን አውጥቶ ቀዳዳውን ደፈነ። የአንድ ሰው ጣት አለመቸኮል ለመላው ዓለም የአይፎን ተጠቃሚ የተረፈው እንዲህ ነው።

ሊንክ የደረሳቸው ሰው መልእክቱን አያጥፉ፣ ላኪውን ብሎክ አያድርጉ፣ መልስም አይስጡ። የላኪው ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው እንዲታዩ አድርገው ስክሪንሹት ያንሱ። የሊንኩን ጽሑፍ በሚገለበጥ መልኩ ማግኘት ካስፈለገ በጥንቃቄ ተይዞ ይገልበጥ፤ ጣት ሊንኩ ላይ ሲቆይ ገጹን በትንሹ አውጥተው የሚያሳዩ ስልኮች ስላሉ ግን ይህን እናንተ ባላችሁበት ማድረግ ይሻላል። ኢሜይል ከሆነ «ፎርዋርድ» አይበቃም፤ መልእክቱ የተጓዘበትን መንገድ የሚያሳየው የራስጌ መረጃ በፎርዋርድ ይጠፋል። «ዳውንሎድ ኦሪጂናል» ወይም «ሾው ኦሪጂናል» በሚለው በኩል ሙሉው ፋይል ይውረድ።

እዚህ ላይ ቡድኖችን ደጋግሞ የሚጥል ወጥመድ አለ። ሊንኩን ወስዶ ለሁሉም ክፍት በሆነ የመመርመሪያ ድረ ገጽ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ የተጫነው ግን ለማንም ይታያል፣ አጥቂውም ይከታተለዋል። ደግሞ ብዙዎቹ ሊንኮች ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜና ለአንድ ዓይነት ስልክ የተዘጋጁ ናቸው። ከላፕቶፕ ወይም ከሌላ አገር ኢንተርኔት ሲከፈቱ ምንም ጉዳት የሌለው የዜና ገጽ አሳይተው ይዘጋሉ፤ ያቺ አንድ ዕድል ከተቃጠለች በኋላ ቤተ ሙከራውም ምንም አያገኝም። ስለዚህ እናንተም አትክፈቱት። የመክፈቱን ሥራ ለዚያ የተዘጋጀ ስልክ ላላቸው ተዉላቸው።

ከአፕል የመጣ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ነገሩ ለየት ይላል። አፕል በመንግሥት ደረጃ ባሉ አጥቂዎች ተነጣጥሮባቸዋል ብሎ ለሚያምንባቸው ሰዎች ከ2021 ጀምሮ መልእክት ይልካል። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሊንክ ንኩ፣ ፋይል ክፈቱ፣ አፕ ጫኑ፣ የይለፍ ቃል ወይም የማረጋገጫ ኮድ ስጡ አይልም። ማረጋገጫው በሌላ መሣሪያ የአፕል አካውንት ድረ ገጹን ራስ ጽፎ መግባት ነው፤ ማስጠንቀቂያው እውነት ከሆነ በገጹ አናት ላይ ይታያል። ዋትስአፕም እንዲህ ያደርጋል፤ በ2019 ወደ 1,400 የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹን በጥሪ ብቻ፣ ስልኩ ባይነሳም እንኳ፣ ስልክ ውስጥ በሚገባ ፔጋሰስ እንደተነጣጠረባቸው አሳውቋቸዋል። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሳቸው ሰው ጉዳይ ወረፋ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ፈትሹ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሊኑክስ ወይም ማክኦኤስ ያለው፣ ዲስኩ የተመሰጠረ፣ ለሌላ ሥራ የማይውል ላፕቶፕ። በዊንዶውስ ላይ ለመሥራት ሊኑክስን በውስጡ የሚያስኬደውን ደብልዩኤስኤል መጫን ያስፈልጋል። የዲስክ ቦታን አትናቁት፦ መጀመሪያ የተመሰጠረው የስልኩ ቅጂ፣ ቀጥሎ የተፈታው ቅጂ፣ ቀጥሎ ውጤቱ ይቀመጣል። ስልኩ ላይ የተያዘው 60 ጊጋባይት ከሆነ ላፕቶፑ ላይ 150 ጊጋባይት ነፃ ይሁን። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ይዞ «ላፕቶፑ ስልኩን አላየውም» እያሉ ግማሽ ቀን የሚያባክኑ ብዙ ናቸው።

ዋናው መሣሪያ ኤምቪቲ (ሞባይል ቬሪፊኬሽን ቱልኪት) ነው። የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሴኩሪቲ ላብ በጁላይ 2021 ያወጣው፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነው። በጥቁር መስኮት፣ በትእዛዝ ጽሑፍ ነው የሚሠራው፤ «ተጠቅቷል» ወይም «ንጹሕ ነው» የሚል ቁልፍ የለውም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በአንድ ንክኪ መልስ እንሰጣለን የሚሉ አፖች የሚፈትሹት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ከጫናችሁት በኋላ የቅርብ ጊዜዎቹን መለያ ምልክቶች የሚያወርደውን ትእዛዝ ማስኬድ አትርሱ። መለያ ምልክት ማለት ከዚህ በፊት በተጠቁ ስልኮች ላይ የተገኘ የድረ ገጽ ስም፣ የፕሮሰስ (በስልኩ ውስጥ እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ስም፣ የኢሜይል አድራሻ ወይም የፋይል ስም ነው። ያለ እነሱ ኤምቪቲ መረጃውን ዘርዝሮ ያወጣል እንጂ ከምን ጋር እንደሚያመሳክረው አያውቅም።

አይፎን

በመጀመሪያ ሲስዳያግኖዝ የሚባለውን የስልኩን የራሱን የምርመራ ፋይል አውጡ። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎችና የጎን ቁልፉን አንድ ላይ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ስልኩ አጭር ንዝረት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ከተጫናችሁ የማጥፊያው ወይም የአደጋ ጥሪው ገጽ ይመጣልና በ«ካንስል» ውጡ፤ ጥሪው ሳያስቡት እንዳይደወል ተጠንቀቁ። ንዝረቱ ከተሰማ በኋላ ወደ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ አናሊቲክስ ኤንድ ኢምፕሩቭመንትስ፣ አናሊቲክስ ዳታ። በሲስዳያግኖዝ የሚጀምርና የዛሬን ቀን የያዘው ፋይል እሱ ነው። በኤርድሮፕ ወደ ማኩ ይላክ።

ይህን የምናስቀድመው በውስጡ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር የሚጻፍ አንድ ትንሽ መዝገብ ስላለ ነው። ስልኩ ሲጠፋ እምቢ ብሎ የቆየ ፕሮሰስ ካለ ከነአድራሻው በዚያ ይመዘገባል፤ በፔጋሰስ የተያዙ ስልኮች ላይ አሻራው በዚህ መዝገብ ተገኝቷል። በአይኦኤስ 26 ግን መዝገቡ ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ስልኩ ለአፕዴት እየጠየቀ ቢሆንም ሲስዳያግኖዝ ሳይወጣ «አፕዴት» አትንኩ፣ አጥፍታችሁም አታብሩ። አፕዴት መደረጉ ግድ ነው፤ የሚደረገው ግን ማስረጃው ከወጣ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መጠባበቂያ ቅጂው። መመስጠር አለበት። ያልተመሰጠረ ቅጂ የሳፋሪን ታሪክ፣ የጥሪ ታሪክንና ሌሎች ለምርመራው ወሳኝ የሆኑ ነገሮችን አይዝም፤ የሚጠበቀው ተቃራኒው ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። በማክ ላይ በፋይንደር፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ሊብአይሞባይልዲቫይስ በሚባለው የመሣሪያ ስብስብ ይወሰዳል። ስልኩ «ይህን ኮምፒውተር ታምናለህ?» ሲል ተሟጋቹ ራሳቸው የይለፍ ኮዳቸውን ያስገቡ፤ እናንተ ኮዱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ለቅጂው የሚሰጠው የይለፍ ቃል ለዚህ ብቻ የተፈጠረ ይሁን።

አንዳንዴ ስልኩ ከዓመታት በፊት የተሰጠና የተረሳ የቅጂ ይለፍ ቃል ይኖረዋል። «ሪሴት ኦል ሴቲንግስ» ያንን ይፈታል፤ ፎቶና መልእክት አይነካም። ሆኖም የተቀመጡ የዋይፋይ ስሞችንና ሌሎች ቅንብሮችን ያጠፋል፣ እነሱም ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የተረሳውን ቃል ለማስታወስ በቂ ጊዜ ስጧቸው፤ ሪሴቱ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሲስዳያግኖዙ አስቀድሞ የወጣ መሆኑ እዚህም ይጠቅማል።

ቅጂው ሲያልቅ የኤምቪቲ ሁለት ትእዛዞች ይከተላሉ፦ ቅጂውን የሚፈታው፣ ከዚያ የተፈታውን የሚፈትሸው። ማክ ላይ የመጀመሪያው «አልተፈቀደም» ብሎ ከቆመ ችግሩ የይለፍ ቃሉ አይደለም። ማኩ የቅጂዎቹን አቃፊ ስለሚጠብቀው ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ ለተርሚናል (ትእዛዝ ለሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) «ፉል ዲስክ አክሰስ» ስጡት ወይም ቅጂውን ወደ ሌላ አቃፊ ገልብጡት።

ፋይሎቹን ከመክፈታችሁ በፊት የእያንዳንዱን የሻ 256 ሃሽ አውጥታችሁ መዝግቡ። 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ይህ አሻራ ፋይሉ በአንዲት ነጥብ እንኳ ቢቀየር ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ ከወራት በኋላ «ፋይሉን ራሳችሁ ነው የነካካችሁት» ለሚል ሰው መልሱ እሱ ነው። ከሃሽ ጋር የስልኩ ሞዴል፣ የአይኦኤስ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ስልኩን የተቀበለውና የመለሰው ሰው ስም በአንድ ገጽ ይስፈር።

ውጤቱን ማንበብ

ኤምቪቲ በአንድ አቃፊ ውስጥ ብዙ ፋይሎች ያወጣል። ስማቸው ላይ «ዲቴክትድ» የሚል የተጨመረባቸው ካሉ ከመለያ ምልክቶቹ ጋር የገጠመ ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። የሌሎቹ ፋይሎች ንባብ ግን ከዚህ ይልቃል፤ በተለይ ሁሉንም ክስተት በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረድረው «ታይምላይን»።

በመጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ኤምቪቲ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ይጽፋል፤ ተሟጋቹ የነገሯችሁ ሰዓት የሚኖሩበት አገር ሰዓት ነው። ልዩነቱን ሳያሰሉ «በዚያች ሌሊት ምንም የለም» ማለት ቀላል ስህተት ነው። ከዚያ የጠረጠሩትን ቀን ፈልጉና በዙሪያው ያለውን እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፦ የመጣ መልእክት፣ የተከፈተ ገጽ፣ የተበላሸ አፕ፣ ወዲያው ኢንተርኔት መጠቀም የጀመረ ስሙ የማይታወቅ ፕሮሰስ።

አይፎን የትኛው ፕሮሰስ ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ፣ መጀመሪያና መጨረሻ መቼ እንደታየ የሚይዝ የውስጥ መዝገብ አለው፤ ፕሮሰሱ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። አምነስቲ በ2021 ባወጣው የምርመራ ዘዴ ላይ እንዳሳየው፣ ፔጋሰስ ራሱን ለመደበቅ ከዚህ መዝገብ ላይ የፕሮሰሱን ስም ፍቆ ነበር፤ የተጠቀመው ዳታ የተጻፈበትን ተያያዥ ሠንጠረዥ ግን ሳይፍቅ ቀረ። ስም የሌለው ዳታ ተጠቃሚ ቀረ ማለት ነው፤ ሌባው በሩን ዘግቶ የጫማውን ዱካ ደጃፉ ላይ እንደተወው። ኤምቪቲ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያይ ይጠቁማል። ክፍተቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ በዚያው ደቂቃ ከሆነ ሌላ ነገር ጋር ሲገጥም ግን ለባለሙያ ለማሳየት ይበቃል።

የሐሰት ምልክትን መለየት ደግሞ የእውነተኛውን ያህል ያስፈልጋል። የስለላ ድረ ገጽ ስም በሳፋሪ ታሪክ ውስጥ ተገኘ እንበል። ተሟጋቹ ስለ ስለላ የወጣ ሪፖርት ሲያነቡ ራሳቸው ነክተውት ይሆናል። በመልእክት ውስጥ ተገኘ እንበል። ባልደረባቸው «ይህን ሊንክ እንዳትነኩ» ብለው የላኩላቸው ሊሆን ይችላል፤ ኤምቪቲ ማስጠንቀቂያን ከጥቃት አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ግጥሚያ ከየት መጣ፣ ማን ላከው፣ ተከፍቷል ወይስ ደርሶ ብቻ ቀርቷል ብላችሁ ጠይቁ። መልእክት መድረሱ መነጣጠርን ያሳያል፤ ስልኩ መያዙን ለማሳየት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ በሪፖርታችሁ ውስጥ በፍጹም አይቀላቀሉ፤ አንድ የተጋነነ መግለጫ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ጉዳይ ማንም አያምነውም።

ምንም ካልተገኘስ? ለተሟጋቹ የሚነገረው «ከሚታወቁት ምልክቶች መካከል ምንም አላገኘንም» ነው። «ስልክዎ ንጹሕ ነው» አይባልም። በይፋ የወጡ መለያ ምልክቶች ያረጁ ናቸው፤ ሪፖርት በወጣ ማግስት ሻጮቹ ድረ ገጾቻቸውን ይቀይራሉ። ትልልቆቹ ቤተ ሙከራዎች ይፋ ያላወጧቸው ምልክቶች አሏቸው። ፋይሉን ማስቀመጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሲቲዝን ላብ በማርች 2021 የአንድ ሳዑዲ ተሟጋች ስልክን ቅጂ መረመረ፤ ያንኑ ቅጂ ከወራት በኋላ መልሶ ሲያነበው 27 አንድ ዓይነት ፋይሎች አገኘ። ስማቸው ጂአይኤፍ ምስል ይላል፤ ውስጣቸው ግን እያንዳንዳቸው 748 ባይት የሆኑ የፎቶሾፕ ፋይሎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር በጂአይኤፍ ስም የተደበቁ አራት ፒዲኤፎች ነበሩ። ፋይሎቹ ያለ ምንም ንክኪ በአይሜሴጅ በኩል የሚገባ ጥቃት ቅሪት ሆነው ተገኙ፤ አፕል ሴፕቴምበር 13 ቀን 2021 አይኦኤስ 14.8ን ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅጂው ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

አንድሮይድ

አንድሮይድ ከአይፎን ያነሰ መዝገብ ይይዛል፤ ከወራት በፊት የተፈጸመ ጥቃት አሻራ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ቶሎ መድረስ እዚህ ይበልጥ ዋጋ አለው።

ለመሰብሰብ አንድሮይድ ኪውኤፍ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ተጠቀሙ። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ መንካት የገንቢዎችን ምርጫ ይከፍታል፤ በዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ደቢጊንግ» ይበራል። ኬብሉ ሲገባ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ተሟጋቹ ይፍቀዱ። በሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ብሎከር» በርቶ ከሆነ በኬብል የሚመጣ ትእዛዝን ያግዳልና ለጊዜው ይጥፋ። ፕሮግራሙ ምን ቅጂ እንደሚወስድ ሲጠይቅ አጭር መልእክቶችን ብቻ የሚለው ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል፤ ሁሉንም መውሰድ የማያስፈልግ የሰው ምስጢር መሸከም ነው። የተጫኑትን አፖች ፋይል ግን ይውሰድ፤ አዲስ የስለላ አፕ ከተገኘ ሌላ ቤተ ሙከራ የሚመረምረው እሱን ነው። ሲያልቅ ኤምቪቲ የተሰበሰበውን ይፈትሻል። ስልኩን ከመመለሳችሁ በፊት «ዩኤስቢ ደቢጊንግ» መጥፋቱንና የተሰጠው የኮምፒውተር ፈቃድ መሰረዙን በዓይናችሁ እዩ፤ ክፍት ከቀረ ቀጣዩ የሚፈትሻቸው መርማሪ ራሱ ይገባበታል።

በእጅም የሚታይ አለ። «አክሰሲቢሊቲ» ፈቃድ የተሰጠው፣ የስልኩ አስተዳዳሪ የሆነ፣ ማሳወቂያዎችን የሚያነብ አፕ ዝርዝር ተመልከቱ። «ሲስተም ሰርቪስ» የመሰለ ስም ይዞ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የተጫነ፣ ምልክቱ የማይታይ አፕ እዚያ ይገኛል። ጎጂ አፕ የሚፈትሸው የጉግል «ፕሌይ ፕሮቴክት» ጠፍቶ ካገኛችሁትና ተሟጋቹ ካላጠፉት፣ ሌላ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ከፖሊስ ጣቢያ የተመለሰ ስልክ የራሱ ምድብ አለው። አምነስቲ በዲሴምበር 2024 በሰርቢያ ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ በፖሊስ እጅ የቆዩ የጋዜጠኞችና የተሟጋቾች ስልኮች የተቆለፈ ስልክ በሚከፍተው የሴለብራይት መሣሪያ ተከፍተው ኖቪስፓይ የተባለ የአንድሮይድ የስለላ አፕ እንደተጫነባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ስልኩ በምን ሰዓት ተወስዶ በምን ሰዓት እንደተመለሰ ደቂቃውን ሳይቀር ጻፉ። ሲወሰድ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? የይለፍ ኮድ ሰጥተዋል? ከዚያ በዚህ ጊዜ ውስጥ የተጫነ አፕ፣ የበራ ስልክ፣ የተሰጠ ፈቃድ ካለ በውጤቱ ውስጥ ፈልጉ። ባለቤቱ ባልነበሩበት ሰዓት የተጫነ አፕ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ሲገኝ

ብቻችሁን አትወስኑ፣ ብቻችሁንም አትግለጹ። በ2021 የአምነስቲን የፔጋሰስ ምርመራ ዘዴ ሲቲዝን ላብ በራሱ በኩል መርምሮ አረጋግጦታል፤ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች እንኳ ሁለተኛ ዓይን ይፈልጋሉ። አክሰስ ናው የተባለው የዲጂታል መብት ድርጅት የደኅንነት የእርዳታ መስመር በሳምንት 7 ቀን፣ በቀን 24 ሰዓት ለሲቪል ማኅበረሰብ ክፍት ነው፤ የአምነስቲ ሴኩሪቲ ላብና ሲቲዝን ላብም ጉዳይ ይቀበላሉ። የምትገናኙት ከተጠረጠረው ስልክ ሳይሆን ከሌላ መሣሪያ ይሁን። ፋይሉን ሳትመሰጥሩ አትላኩ፤ የይለፍ ቃሉም ፋይሉ በሄደበት መንገድ አይሂድ።

ተሟጋቹ በዚህ መካከል በሌላ ስልክ ይሥሩ። ከአዲሱ ስልክ ሆነው የኢሜይልና የሌሎች አካውንቶቻቸውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ በሲግናል፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ዝርዝር አይተው የማያውቁትን ያስወጡ። የይለፍ ቃሉን በተያዘው ስልክ ላይ መቀየር አዲሱን ቃል ለሰላዩ መንገር ነው። የአሮጌውን ስልክ መጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ ሁሉንም በአዲሱ ላይ መመለስም አይመከርም፤ የሚያስፈልገው ብቻ ተመርጦ ይሻገር።

ከዚያ ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ ተሟጋቹ ለማን ይናገሩ የሚለው። ሰላዩ በስልኩ ላይ በነበረባቸው ሳምንታት ያናገሯቸው ምንጮች፣ የጎበኟቸው ቤተሰቦች፣ የያዟቸው ሰነዶች ዝርዝር ይሠራ፤ አደጋው ወደ ማን እንደሚያደርስ በእርጋታ ይታሰብ። ይህን ዝርዝር ሲያዩ የሚሰብራቸው ሰው አለ። ጊዜ ስጧቸው፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነም በግልጽ ንገሯቸው። ያለ ምንም ንክኪ የሚገባ ጥቃትን በጥንቃቄ ብቻ የሚከላከል ሰው የለም።

ጥቃቱን የሚያከብዱ ቅንብሮች

ምርመራው አልቆ ስልኩ ሲመለስ ወይም አዲሱ ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የቅርብ ጊዜው አፕዴት ይጫን። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ያለው ሎክዳውን ሞድ ይብራ፤ አብዛኛውን የመልእክት አባሪ፣ የሊንክ ቅድመ እይታን፣ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ የፌስታይም ጥሪንና ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የሚደረግ የኬብል ግንኙነትን ያግዳል። አንዳንድ ድረ ገጾች በትክክል አይታዩም፤ ሰዎች በዚህ ተሰላችተው በሳምንቱ ያጠፉታል። ሙሉውን ከማጥፋት ይልቅ ለሚታመን አንድ ድረ ገጽ ብቻ መፍቀድ እንደሚቻል አሳዩአቸው። አንድሮይድ 16 ያላቸው «አድቫንስድ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ያብሩ። ሁለተኛ ትውልድ (2ጂ) ኔትዎርክን ማጥፋት በሚቻልባቸው ስልኮች ላይ ይጥፋ።

ስልኩን በየቀኑ አጥፍቶ ማብራት በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ የሚኖረውን ሰላይ ያስወጣል፤ ተመልሶ እንዲገባ ያስገድደዋል፣ እያንዳንዱ መግባት ደግሞ አንድ ተጨማሪ አሻራ የመተው ዕድል አለው። ይህ ግን ላልተጠረጠረ ስልክ የሚሰጥ ምክር ነው፤ የተጠረጠረውን መጀመሪያ ቅዱት።

ቀጣዩ ምርመራ ቀኑ አሁኑኑ ይቆረጥ፤ በየ 3 ወሩ አዲስ ሲስዳያግኖዝና አዲስ ቅጂ፣ ከዚያ ውጭ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር። አዳዲስ መለያ ምልክቶች በወጡ ጊዜ ተሟጋቹ እንዲቀመጥ የፈቀዱትን አሮጌ ቅጂ እንደገና አስኪዱት። በፈቃድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማጥፊያ ቀን ሲደርስ የተፈታውን ቅጂ፣ የተመሰጠረውንና ውጤቱን አጥፉ፣ ውጫዊ ዲስክ ላይ ያለውንም አትርሱ፤ የጠፋበትን ሰዓት በዚያው ገጽ ላይ ጻፉና አንድ ቅጂውን ለተሟጋቹ ስጡ።